የምድር ቤቱ ሽማግሌ

በቤታችን ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ አያቴ ናቸው፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። ሌላው ከእግራችን ስር፣ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው የብረት ማሞቂያ ነው። ናፍጣ እየበላ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱን በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይልካል፣ እኛም የአሜሪካዋን ከተማ የፎል ሪቨርን የበረዶ ወራት በእሱ እንወጣለን። ያስላል፣ ያጉረመርማል፣ ሲለው ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ማን ስም እንዳወጣለት አላውቅም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ስሙ ሽማግሌው ነበር።

አያቴን ግን ማንም ሽማግሌው ብሎ አይጠራቸውም። እኔ ቫቮ እላቸዋለሁ፤ እንደኛ ከፖርቱጋል፣ ከአዞረስ ደሴቶች የመጣ ሰው አያቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። እናቴ ናታሊያና ታላቅ እህቷ ዴዎሊንዳ አባባ ይሏቸዋል። በኛ ቤት አባትን አንተ ማለት ጥፊ ያስቀምሳል። ስለዚህ ላይ ያሉት እሳቸው፣ ታች ያለው እሱ ነበሩ። ልጅ ሆኜ በዚህ ተምታቶብኝ አያውቅም፤ የተሳሳትኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫቮ ጉልበት በነበራቸው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ለእሳት የድንጋይ ከሰል በአካፋ ሲያጎርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ቤት ሲገዙም ሽማግሌው ከሰል በል ነበር፣ የሚያጎርሱትም ራሳቸው ነበሩ። በኋላ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከሰሉ ቀረና ናፍጣ ተተካ። ግድግዳው ስር ትልቅ ታንከር ተቀመጠ፣ ቦቴ መኪና እየመጣ ይሞላዋል፣ አካፋውም ሥራ ፈትቶ ጥግ ቆመ።

ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቫቮ አካፋውን መልሰው አነሱት። ማለዳ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ "ፈረቃዬ ደርሷል" ብለው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስም ብዙ ጊዜ የማገኛቸው እዚያው ነው፤ የሽማግሌውን ሆድ በአካፋው እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

"ምን አለ ቫቮ?"

"ራበኝ አለ። አንቺስ ናታሊያ፣ በላሽ?"

ናታሊያ እናቴ ናት። እኔ ኢልዳ ነኝ። በእናቴ ስም ሲጠሩኝ ጨዋታ መስሎኝ "በላሁ አባባ" እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል። ሳድግ ሐኪሞች ለዚህ ጨዋታ ስም እንዳላቸው ተማርኩ። ያኔ ግን የማውቀው በመንገዳችን ካሉት ልጆች ሁሉ እንደኔ ያለ አያት ያለው እንደሌለ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ቀዝቅዟል። ሽማግሌው ድርግም ብሏል። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ነው የሞተው፤ እናቴ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትመለሰው ሲመሻሽ ነው፤ እስከዚያ ቤት የምንቆየው እኔና ቫቮ ነን። "እኔ እያለሁ ማን ይበርደዋል!" ብለው ወረዱ። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ቅቤ ስቀባ ከታች ቀጭ የሚል ድምጽ ሰማሁ። ሽማግሌው ጎን ላይ ያለችው ቀይ ቁልፍ ናት። እሳቱ ሲጠፋ እሷን አንዴ መጫን ነው፣ እምቢ ካለ ባለሙያ መጥራት። ቀጭ። ቆየት ብሎ ቀጭ። እንደገና ቀጭ።

ከዚያ ወለሉ ከስሬ ድም አለ። ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። በምድር ቤቱ በር ስር፣ ቧንቧዎቹ ወለሉን በሚበሱበት ቀዳዳ ሁሉ፣ ጥቁር ነገር እየተግተለተለ ወጣ። ጥቀርሻ ነው። መጋረጃው ላይ፣ እናቴ የምትሳሳለት ነጭ ዳንቴል ላይ፣ ዳቦዬ ላይ፣ ምላሴ ላይ ሳይቀር አረፈ። እኔ በደስታ ላብድ ደረስኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ በጣቴ ኢልዳ ብዬ ጻፍኩና ቫቮን ልጠራ ወረድኩ።

ቫቮ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አካፋቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከዓይናቸው ነጭ በቀር ሁለመናቸው ጠቁሯል። ሳቅሁ። እሳቸውም የሳቁ መሰለኝ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ሳስበው መሳቃቸውን እጠራጠራለሁ። ያቺን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ያልነደደ ናፍጣ ሽማግሌው ሆድ ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር፤ በመጨረሻ የተነሳችው ብልጭታ ሁሉንም ባንዴ አቀጣጠለችው። ቤቱ እኛን ይዞ ያልነደደው በእግዜር ቸርነት ነው።

በማግስቱ አክስቴ ዴዎሊንዳ ባልዲና ሳሙና ይዛ ከች አለች። ቲያ ነው የምላት። ቲያ ዴዎሊንዳ ሰፊ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ታጥባለች፣ ስታጥብ ትቆጣለች። ጣሪያውን ፈተገች፣ መጋረጃውን ሦስት ውሃ አጠበች፣ ማቀዝቀዣው ላይ የጻፍኩትን ስሜንም ያለ ርህራሄ ጠረገችው። ማታ የጎመን ሾርባ በቋሊማ ቀርቦልን አራታችንም ጠረጴዛ ከበብን።

"ካሁን ወዲያ እኮ ለብቻ የሚተው አይደለም" አለች ቲያ።

"ዝም በይ" አለች እናቴ። "ይሰማሉ። ልጅቷም ትሰማለች።"

ቲያ ማንኪያዋን አየር ላይ አቁማ ጥቂት አሰበች። ከዚያ በጣቷ ወደ ወለሉ ጠቆመች። "ስለ ሽማግሌው እኮ ነው የማወራው። ስለ ታችኛው።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። ገባት። እኔ ደግሞ እንዴት ይግባኝ? ማን ነው ቫቮን "እሱ" የሚላቸው?

"ሽማግሌው አልተቻለም" ቀጠለች ቲያ፣ አሁን ድምጿን ሳትቀንስ። "አንድ ቀን ቤቱን በላያችሁ ላይ ያነደዋል።"

"ዕድሜው ነው" አለች እናቴ።

"ዕድሜ ደግሞ ወደ ኋላ አይሄድም። ዓይኑን የማይነቅልበት ሰው ይፈልጋል። አንቺ ፋብሪካ ነሽ። እንደ እሱ ያሉትን የሚቀበል ቤት አለ አልኩሽ፣ መነኮሳት ናቸው የያዙት። ንጹህ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ።"

እኔ ይሄን ጊዜ ሾርባዬን ረሳሁት። በዓይነ ሕሊናዬ ረጅም አዳራሽ ታየኝ፤ ግራና ቀኝ ያረጁ ማሞቂያዎች ተደርድረዋል፣ ነጭ የለበሱ መነኮሳት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ በጨርቅ ይወለውሏቸዋል። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ቦታ መሰለኝ።

"ልንጠይቀው እንችላለን?" አልኩ።

"ማንን?" አለች እናቴ፣ ደንግጣ።

"ሽማግሌውን። መነኮሳቱ ጋ ሲሄድ።"

የቲያ ፊት ልክ እንደ ቋሊማው ቀላ። "እሁድ እሁድ ይቻላል" አለችና ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ሽንኩርት ይሆናል አልኩ። ቫቮ ቀና ሳይሉ ዳቧቸውን እየቆረሱ ሾርባው ውስጥ ይነክራሉ።

የዚያን ዓመት የጋዝ ሰዎች መንገዳችንን ከዳር እስከ ዳር ቆፍረው አዲስ ቧንቧ ቀብረው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ናፍጣውን እየተወ ወደ ጋዝ ይዞር ጀመር። እናቴም ሌዮ የሚባል ባለሙያ ጠራች። ሌዮ ጺሙን እያፍተለተለ የሚያወራ፣ ማንንም "ልጄ" የሚል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነው፤ እናቴን እንኳን ልጄ ይላታል። ሽማግሌው ፊት ተንበርክኮ የብረት በሩን ከፈተ፣ የእጅ መብራቱን ሆዱ ውስጥ ከቶ ረጅም ጊዜ አየ። እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ቫቮ አካፋቸውን ይዘው ከኋላ።

"አውጥተን እንጣለው?" አለች እናቴ።

"ማን ነው እሱን አውጡት ያላችሁ?"

"ቲያ ዴዎሊንዳ" አልኩ እኔ ቀድሜ። "መነኮሳት ጋ ልትልከው ነው።"

ሌዮ በሳቅ ፈረሰ። "መነኮሳት ምን ያደርጉታል? ስሚኝ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው። ብረቱ ስንጥቅ የለውም። የሚያስለው በምታበሉት ነገር ነው እንጂ የሱ ጥፋት አይደለም። ድሮ ከሰል ይበላ ነበር፣ ነሳችሁትና ናፍጣ ሰጣችሁት። አሁን ደግሞ ጋዝ ይቀምሳል። እኔ ማቃጠያውን ብቻ ነቅዬ ሌላ እተክልለታለሁ፤ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እናውጣው ካላችሁ ግን..." ወደ ጠባቡ ደረጃ ተመለከተ። "በዚህ ደረጃ ሙሉውን አይወጣም። በመዶሻ ሰባብሬ በቁርጥራጭ ነው የማወጣላችሁ።"

እናቴ "አስቤ እደውልልሃለሁ" ብላ ሸኘችው። ቫቮ ግን ከሄደ በኋላ መዳፋቸውን ሽማግሌው ላይ አሳርፈው ቆዩ። "ሰማህ?" አሉት።

የሚቀጥለው እሁድ ቲያ ዴዎሊንዳ ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ መጣች። እሷ ጣፋጭ ዳቦ በበዓል እንጂ በተራ እሁድ አትጋግርም፤ ምን ተገኝቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምሳ ላይ ነን፣ እናቴ ምግቧን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ታንከራትታለች።

"ማክሰኞ አንድ ቦታ ይለቀቃል ብለውኛል" አለች ቲያ። "ማክሰኞ መጥተው ይወስዱታል። እሺ በይኝ ናታሊያ። ለኔ የሚቀለኝ መስሎሽ ነው?"

እናቴ ሹካዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

"እሺ" አለች በመጨረሻ፣ ለሳህኑ።

እኔ ሹካዬን ወረወርኩት። "አይሆንም!"

"ኢልዳ!"

"አይሆንም! ሌዮ ነግሮናል እኮ! ሳይሰባብሩት ከዚህ ቤት አይወጣም። ደረጃው ላይ አያልፍም፣ በመዶሻ ነው የሚሰብሩት!" ወንበሬ ላይ ቆምኩ። "ደግሞ ጤነኛ ነው። ሌዮ ሆዱን በመብራት አይቶታል፣ ስንጥቅ የለውም። የሚያስለው እኛ በምንሰጠው ነገር ነው እንጂ የሱ ጥፋት አይደለም! እሳቱን ብቻ ቀይሩለት። እሱ ካለበት ይቀመጥ!"

ከታች የሽማግሌው ጉርምርምታ ይሰማል። ቫቮ አፋቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን በአራት አጣጥፈው ሳህኑ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው መጀመሪያ አክስቴን፣ ቀጥሎ እናቴን አዩ።

"ዴዎሊንዳ" አሉ። "ናታሊያ።" ስም ሳያምታቱ ከሰማኋቸው ቆይቼ ነበር። "ከሰል ሰጣችሁኝ፣ በላሁ። ናፍጣ ሰጣችሁኝ፣ እሱንም በላሁ። ጋዝም ስጡኝ፣ እበላለሁ። ብቻ ከዚህ አታንሱኝ።"

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ቫቮ ሽማግሌውን ሆነው ማውራታቸው እኮ ነው! "እንደገና ይበሉት ቫቮ! እንደገና!" የምስቀው ግን ብቻዬን ነበር። ቲያ ፊቷን በጨርቋ ሸፈነች። እናቴ ተነስታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ማጠቢያው ውስጥ አንድም ዕቃ አልነበረም።

"አይወጣም" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችን።

"ልጅቷስ?" አለች ቲያ ከጨርቁ ውስጥ።

"እሳቱን እቀይራለሁ።"

"እሳቱ ብቻ ነው እንዴ ናታሊያ?"

እናቴ ዞረች። ፊቷ እርጥብ ነው። "ዴዎሊንዳ፣ ሰምተውናል። ይሄን ሁሉ ቀን ሲሰሙን ነበር።"

ቲያ ዴዎሊንዳ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ጣፋጩን ዳቦ ወደ ቫቮ ገፋችላቸው። "እንግዲያው ከሰዓት ከሰዓት እኔ እመጣለሁ" አለች በቁጣ። "አውቶቡሱ ያው አለ። ይብሉ እንጂ አባባ፣ ለማን ነው የጋገርኩት?"

እኔ ያን ጊዜ ስለ ማሞቂያ እየተወራ "ልጅቷስ?" መባሉ ፈጽሞ አልገባኝም። ቲያንም ለብዙ ጊዜ እንደ ጨካኝ ነበር የማስባት። ዛሬ የራሴ ልጆች አሉኝ። ሽማግሌው የፈነዳ ቀን ቤት ውስጥ ከቫቮ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ቲያ የፈተገችው ጥቀርሻ እኔ ልነድበት የነበረ እሳት ጥቀርሻ ነው። ጣሪያውን ስትፈትግ ምን እየታያት እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። እንዳለችውም አደረገች፤ ቫቮ እስኪሞቱ ድረስ በረዶም ቢሆን ዝናብ በአውቶቡስ እየመጣች፣ እየተነጫነጨች ከእኛ ጋር ዋለች።

ሌዮ በዚያው ሳምንት መጣ። የጋዙ ቧንቧ ከመንገድ ተነስቶ የመሠረቱን ግድግዳ በስቶ ገባ። የናፍጣው ታንከር ተጠርጎ፣ በመጋዝ ተቆራርጦ ወጣ፤ ሽታው ግን እስከ ጸደይ አለቀቀንም። የውጪውንም መሙያ ቧንቧ ነቅሎ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነው። "የቦቴው ሰው ልማድ ሆኖበት ይመጣና ምድር ቤታችሁን በናፍጣ ይሞላላችኋል፤ አይቼ አውቃለሁ" አለ። ከዚያ የሽማግሌውን አሮጌ ማቃጠያ ከነቀይ ቁልፏ መንግሎ አወጣና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"ያቺን ቁልፍ ስጠኝ" አሉት ቫቮ።

ሌዮ እናቴን አየ። እናቴ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። ቁልፏን ከነትንሿ ሳጥን ፈትቶ፣ በሱሪው ጠርጎ ሰጣቸው።

አዲሱ እሳት ሰማያዊ ነበር። በትንሿ የመስታወት ቀዳዳ አየነው፣ እኔና ቫቮ ጉንጭ ለጉንጭ ተለጥፈን። ጥቀርሻ የለም፣ ሳል የለም፣ ጸጥ ብሎ ይነዳል። ሌዮ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ጥሩኝ ብሎን ስለነበር ያ የቫቮ አዲሱ ፈረቃ ሆነ። ማለዳ ከእናቴ ጋር ይወርዳሉ፣ አይተው ይመለሳሉ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው "ሰማያዊ!" ይላሉ። ደረጃው ሲያቅታቸው እኔ እየወረድኩ አይቼ እነግራቸው ጀመር።

ቀይዋ ቁልፍ አልጋቸው አጠገብ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። ሲበርዳቸው አንስተው ቀጭ ያደርጓታል። ጥቂት ቆይቶ ራዲያተሩ ቋ ቋ ይልና ክፍሉ ይሞቃል። ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዘች ቁልፍ ቤት እንዴት እንደምታሞቅ ለጓደኞቼ ምዬ ተገዝቼ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱን አምጥቼም አሳይቻለሁ። ቫቮ ከሞቱ በኋላ አልጋቸው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ብጫናት ራዲያተሩ ዝም አለኝ። ለካ እናቴ ናት። ቀጭ ስትል በግድግዳው ትሰማና የያዘችውን ሥራ ትታ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ታደርገው ነበር።

ስለ እሁዱ ምሳ ግን ሳልጠይቃት ብዙ ዓመት ኖርኩ። የሚጠየቅ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ፣ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ፣ ቫቮ ሽማግሌውን ሆነው ያወሩበትን ቀን እንደ ቀልድ አነሳሁባት። እናቴ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች።

"ስለ ማሞቂያው መስሎሽ ነበር?"

"ታዲያ ስለ ማን ነው?"

ፊቴን አየችው፣ እንደማላስመስል ገባት። "እኔና ዴዎሊንዳ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያን ሁሉ ዓመት አውቀሽ ያደረግሽው ነው የመሰለን። ከምስጢር ቃላችን ገብተሽ በራሳችን ቃል የረታሽን። ዴዎሊንዳ እስክትሞት እኮ ትፈራሽ ነበር፣ ያቺ ልጅ ነገር ታውቃለች እያለች።" ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ሳያልቅ ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ በዚያው ቤት የምኖረው እኔ ነኝ። ማድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ክፍል የእናቴ ናት፤ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። ሽማግሌውም ካለበት አልተነቃነቀም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባለሙያ ሊያየው መጣ። ጋዙም ጊዜው አልፎበታል አሉ፤ አሁን በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። ወጣቱ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ የማድ ቤቱን በር ዘጋሁት።

"እንግዲህ አሮጌው ይውጣ አይደል?" አለ። "ዕድሜው ሄዷል። ለእናንተም ሸክም ነው።"

አፌን ሳልከፍት ከግድግዳው ወዲያ የእናቴ ድምጽ መጣ።

"ኢልዳ! ስለ ብረቱ ነው ወይስ ስለኔ?"

"ስለ ብረቱ ነው እማዬ!"

"እንግዲያው በሩን ክፈቺውና አውሩ!"

ሄጄ በሩን ከፈትኩት፤ የማድ ቤቱንም፣ የክፍሏንም። እናቴ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቀይዋን ቁልፍ አነሳች፣ ዓይን ዓይኔን እያየችም ቀጭ አደረገቻት። ወጣቱን እዚያው ትቼ ኮሪደሩ ሄጄ ሙቀቱን ከፍ አደረግሁት።